የሥዕል መጽሐፍ አላቂ ዕቃ ይባልልን

ለድሬዳዋ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
ድሬዳዋ

ግልባጭ፦ ለቅድመ አንደኛና ለአንደኛ ደረጃ ርዕሳነ መምህራን፣ ለወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቶች

ጉዳዩ፦ የልጆች የሥዕል መጻሕፍት ከካቢኔት ወጥተው ልጆች እጅ እንዲገቡ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

በትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሁለት ዓይነት ዕቃ አለ፤ ቋሚና አላቂ። ዴስክ፣ ኮምፒውተርና ካቢኔት ቋሚ ናቸው። ቁጥር ይለጠፍባቸዋል፣ በዓመቱ መጨረሻ ይቆጠራሉ፣ ከጎደሉም የፈረመው ሰው ይጠየቅባቸዋል። ጠመኔ፣ ወረቀትና መጥረጊያ ግን አላቂ ናቸው። ወጪ ሆነው ከሄዱ በኋላ "ያ ጠመኔ የት ደረሰ?" የሚል ኦዲተር የለም፤ ማለቁ ራሱ ትምህርት መሰጠቱን ይናገራል። የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ከሁለቱ ወደየትኛው ይመደብ? ጥያቄው የንብረት ክፍል ብቻ መስሎ ስለተተወ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገደድኩ። እኔ እንደማየው የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆቻችን ደፍረው መናገርና አለመናገር ከዚህች ምደባ ጋር የተያያዘ ነው።

ነገሩን ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። ያስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙን ማንሳት ለማንም ስለማይጠቅም ልለፈው፣ አንድ ባለ መስታወት ካቢኔት ሙሉ የሥዕል መጽሐፍ ነበረው። ከፊሉ በእርዳታ የመጣ፣ ከፊሉ በድጎማ በጀት የተገዛ ነው። መጽሐፍ በልጅ እጅ ካለፈ ጥጉ ይዶለዱማል፣ መሀሉ ይላላል፣ ከአንዱ ገጽ ላይ ዘይት የነካው ጣት ያርፍበታል። የእነዚያ መጻሕፍት ንጽሕና ግን ያስደነግጥ ነበር፤ ሲከፈቱ የጀርባቸው ማጣበቂያ ገና ይንጣጣል። በገቢ ደረሰኙ፣ በሞዴል 19፣ ገቢ ሆነዋል፤ በወጪ ደረሰኙ፣ በሞዴል 22፣ ወጪ የሆኑበት ቀን ግን አልነበረም። በዕረፍት ሰዓት ልጆች ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ሽፋን ሽፋኑን ያያሉ፤ የጣታቸው አሻራ ሲበዛ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ በጨርቅ ትወለውለዋለች። ሠራተኛዋ ክፉ ሰው አይደለችም። "ፈርሜ የተቀበልኩት ንብረት ነው፤ ቢቀደድ ከማን ደመወዝ ሊቆረጥ ነው?" ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። በእሷ ቦታ ያለ ማንኛውም ሰው ይቆልፋል።

ስለዚህ ወቀሳዬ ከሰው ጋር አይደለም። መጽሐፍ ሲቀደድ ተጠያቂ የሚፈልግ፣ መጽሐፍ ሳይገለጥ ሲያረጅ ግን ማንንም የማይጠይቅ አሠራር ነው የሚያናድደኝ።

የሥዕል መጽሐፍ ስል ሥዕል ያለበትን የመማሪያ መጽሐፍ ማለቴ እንዳልሆነ ከወዲሁ ልለይ። በመማሪያ መጽሐፉ ላም ተሥላ ከሥሯ "ላም" ተብሎ ይጻፋል። መምህሩ "ይህ ምንድን ነው?" ብሎ ሲጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ እሱም አስቀድሞ ታውቋል። በሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ግን ቃሉና ሥዕሉ ሥራ ይካፈላሉ። ቃሉ "ልጁ ከሱቅ ተመለሰ" ይላል እንበል። ሥዕሉ ላይ የተሸከመው ከረጢት ተቀዶ ስኳሩ በመንገዱ ሁሉ ይፈሳል፤ ጉንዳን ተሰልፎ እየተከተለው ነው። ቃሉ ስለ ጉንዳኑ ትንፍሽ አይልም። መምህሩ መስመሩን እያነበበ ሳለ ገና ፊደል ያልለየው ልጅ ጉንዳኑን አይቶ ይስቃል። የሰባት ዓመት ልጅ በክፍል ውስጥ ከመምህሩ ቀድሞ አንድ ነገር የሚያውቅበት ሌላ ምን አጋጣሚ አለው? በራስ መተማመንን በሰልፍ ሰዓት ምክር ልናመጣው እንሞክራለን። ልጁ የሚተማመነው ግን ያየውን ተናግሮ ሰው ሲያዳምጠው ነው።

ሌላም ነገር አለ። አብዛኞቹ የሥዕል መጻሕፍት 32 ገጽ ናቸው። ምክንያቱ የማተሚያ ቤት ነው፤ ትልቁ ወረቀት ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ ያለው ጥራዝ ስለሚወጣው ሁለት ጥራዝ ተደርቦ መጽሐፍ ይሆናል። ደራሲዎችና ሠዓሊዎች ከዚህ ጠባብ ልክ ውስጥ ብልሃት አውጥተዋል፤ ድንገተኛውን ነገር ሁልጊዜ ከሚገለጠው ገጽ ጀርባ ይደብቁታል። ገጹ ከመገለጡ በፊት ያለችው ቅጽበት ለመምህር ወርቅ ናት። ጣትን ገጹ ጥግ ላይ አድርጎ "ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?" ማለትና ዝም ማለት። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደን።

በእኛ ክፍል የሚወደደው የኅብረት ድምፅ ነው። "ገባችሁ?" "ገባን!" "ያልገባው አለ?" "የለም!" ስልሳና ከዚያ በላይ ልጅ በአንድ ክፍል ታጭቆ፣ የሚያዝያ ፀሐይ ቆርቆሮውን እያጋለው፣ መምህሩ በዚህ ዘዴ ክፍለ ጊዜውን ቢገፋ አልፈርድበትም፤ ራሴም ስገፋበት ኖሬአለሁ። ነገር ግን በኅብረት የሚመልስ ልጅ ማወቁም አለማወቁም አይለይም። አራተኛ ክፍል ደርሶ ብቻህን ቁም ሲባል ጉልበቱ የሚብረከረከው የገዛ ድምፁን ለብቻው ሰምቶት ስለማያውቅ ነው።

አንድ ጊዜ ከውጭ የመጣ የሥዕል መጽሐፍ ይዤ ሁለተኛ ክፍል ገባሁ። አንደኛው ገጽ ላይ ሰማያዊ ወንዝ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይፈስሳል፤ ዳርና ዳሩ ሣር ነው፤ አንዲት ልጅ በጀልባ ትሻገራለች። ስለ ጀልባው ይጠይቁኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ከኋላ ዴስክ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ ይሄ ወንዝ ልክ አይደለም።"

"ለምን?"

"ውኃ አለበት።"

ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም፤ ቤቱ ከከተማችን ወንዝ ከደቻቱ አጠገብ ነው። ምን አይቶ እንዲህ እንዳለ ስጠይቀው፣ ወንዝ ማለት አሸዋ እንደሆነ፣ ሰውና ፍየል የሚሄድበት እንደሆነ፣ ውኃው የሚመጣው ማታ፣ ያውም እዚህ ሳይዘንብ እንደሆነ ነገረኝ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ ወደ እሱ ዞራ "እና ውኃው ከየት ይመጣል?" አለችው። ልጁ በእጁ ወደ ተራራው አመለከተ። ሌላዋ አያቷ የጎርፉን ድምፅ ከሩቅ እንደምትለይ ተናገረች። አንዱ ደግሞ ሥዕሉን ደግሞ ደጋግሞ ካየ በኋላ "ይሄ ወንዝ የሰነፍ ወንዝ ነው፤ ሁልጊዜ እዚያው ነው" ሲል እኔም አብሬ ሳቅሁ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰዎች የወሰደብን ጎርፍ ሲመጣ ከእነዚህ ልጆች አንዳቸውም አልተወለዱም። በየቤታቸው ግን ይወራል፤ ያንን ወሬ ወደ ክፍል ይዘውት የገቡት በአንድ የተሳሳተ ወንዝ ምክንያት ነው። በደጋው የዘነበ ዝናብ ቆላውን እንዴት እንደሚያጥለቀልቅ ለማስረዳት ከዚያ ቀን የተሻለ መግቢያ አላገኘሁም።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካኝ ልጁ የታተመን ነገር መሞገቱ ነው። "መጽሐፉ ላይ ስላለ" ተብለን ላደግነው ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። አቢጌል ሃውሰንና ፊሊፕ የናዋይን የተባሉ አሜሪካውያን ከሙዚየም ጉብኝት ተነሥተው ያዳበሩት የሥዕል ንባብ ዘዴ አለ፤ ጥያቄዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው። በዚህ ሥዕል ውስጥ ምን እየሆነ ነው? ምን አይተህ ነው እንዲህ ያልከው? ሌላስ ምን ይታያችኋል? ሁለተኛው ጥያቄ ነው ትልቁ። ልጁ የመጣለትን ሁሉ እንዲቀባጥር አይለቀውም፤ ማስረጃውን በጣቱ እንዲያሳይ ያደርገዋል። ፈጠራና ዝባዝንኬ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ገና ሁለት ዓመት ገደማ የሆናቸውን ሕፃናት የተመለከተ ነበር። ወላጆች የሥዕል መጽሐፍ ሲያነቡላቸው አንብቦ በማለፍ ፈንታ ክፍት ጥያቄ እየጠየቁ፣ የልጁን መልስ እያሰፉ እንዲያወሩ ተደረገ። በአንድ ወር ውስጥ የእነዚህ ልጆች የመናገር ችሎታ በተለመደው መንገድ ከተነበበላቸው ልጆች በልጦ ተገኘ። መጽሐፉ ያው ነው፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው። ለዚህ የሆቴል አዳራሽ ሥልጠናና አበል አያስፈልግም። በየጉድኝት ማዕከሉ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ መጽሐፍና አንድ ደፋር መምህር ይበቃሉ።

አሁን ወደ ራሳችን ከተማ ልምጣ፤ ድሬዳዋ ለዚህ ነገር ከማንም ይልቅ የተመቸች ናትና። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ እናስተምራለን። ይህ ማለት የመጽሐፍ ግዢ ሲታሰብ ሦስት ወጪ፣ ሦስት ጨረታ፣ ሦስት መጓተት ማለት ነው። ቃል የሌለበት የሥዕል መጽሐፍ ግን አንዴ ተገዝቶ በሦስቱም ያገለግላል። የሳቢያን ሰፈሩም የመጋላ ሰፈሩም ልጅ ያንኑ ሥዕል በየራሱ ቋንቋ ያወራዋል። ይህን ያህል የሚያዋጣ ግዢ በዕቅዳችን ውስጥ አለመኖሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በአንድ ክፍል ውስጥም ቢሆን ነገሩ ይሠራል። ከቤቱ ሶማሊኛ እየተናገረ መጥቶ በአማርኛ የሚማር ልጅ አለ፤ የተገላቢጦሹም እንዲሁ። እንዲህ ያለውን ልጅ "ዝምተኛ ነው" ብለን ውጤት መስጫው ላይ እንጽፍበታለን። ቃል አልባ መጽሐፍ ሰጥታችሁት አጠገቡ ካለው ጓደኛው ጋር በፈለገው ቋንቋ ይጀምር በሉት። ግማሹን በሶማሊኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ የቸገረውን በእጁ እያሳየ ይጨርሰዋል። ድሬ ልጅ በሰፈሩ የሚያወራው እንዲሁ ነው፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘል ማንም አያስቆመውም። በክፍል በር ላይ ነው የምናስቆመው።

ወላጆችንም አስቡ። ቀፊራ ገበያ ውላ የምትመጣ እናት ፊደል ባትቆጥር የልጇን የመማሪያ መጽሐፍ ልታስጠናው አትችልም፤ ለዚህም ታፍራለች። ልጁ የሥዕል መጽሐፍ ይዞ ቢመጣ ግን ተረት የምታውቀው እሷ ናት። ቅዳሜና እሑድ መጽሐፍ ወደ ቤት ይውሰድ የሚባለው ሐሳብ በስብሰባ ሲነሣ "አይመለስም" ተብሎ ይዘጋል። አንዳንዱ አይመለስም፤ እውነት ነው። ልጅ ባለበት ቤት የቀረ መጽሐፍ ጠፋ ይባላል ወይ?

ስለ ሥዕል ትምህርት ደግሞ የተለየ ቅሬታ አለኝ። በሥርዓተ ትምህርቱ የክወናና የዕይታ ጥበባት የሚባል የትምህርት ዓይነት አለን፤ ደስ ይላል። በተግባር ግን መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጎጆ ቤት፣ ሁለት ተራራና ከመሀላቸው የምትወጣ ፀሐይ ይሥላል፤ ስልሳው ልጅ ይገለብጣል። ጎጆ ቤት ውስጥ ያደረ ልጅ በክፍሉ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ይልቅ "ጠዋት ስትመጡ ያያችሁትን ሣሉ" ስትሏቸው ባጃጅ ይመጣል፣ ግመል ይመጣል፣ ከኒም ዛፍ ሥር ጫት ዘርግታ የተቀመጠች ሴት ትመጣለች። የአንዷ ልጅ ባጃጅ ስድስት እግር ነበረው፤ ለምን ስትባል "ስለሚሮጥ" አለች። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት መልስ ይፈለጋል?

ለነገሩ በዚህ ምድር ላይ ሥዕል እንግዳ ነገር አልነበረም። ከከተማችን ጥቂት ራቅ ብሎ ባለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ተመራማሪዎች ከ4 ሺህ በላይ የቀይ አፈር ቁራጮች፣ በክብደት 40 ኪሎ ያህል አግኝተዋል። ከ40 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ሰዎች ይህን አፈር እየፈጩና እየፈቀፈቁ ቀለም ያወጡበት ነበር። ለገ ኦዳ ወደሚባለው የዋሻ ሥዕል ቦታ ብትሄዱ ድንጋዩ ላይ ከብቱና ሰዉ ተሥሎ ይገኛል። የዚህ አገር ልጅ ዛሬ በክፍሉ ውስጥ አንዲት ቀይ የቀለም እርሳስ አጥቶ አበባን በሰማያዊ ስክሪፕቶ ይሥላል። ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መናገርስ ቢሆን ከማን ልንማረው ነው? የንግሥተ ሳባን ታሪክ ከዘንዶው ጀምሮ ብዙውን ጊዜ በ44 ሳጥን ከፋፍለው በአንድ ሸራ ላይ የሚሥሉ ሠዓሊዎች ያሉን እኛ አይደለንም? ያን ሸራ ቆራርጦ የሚጠርዘው ብቻ ነው የጠፋው።

"ልጆቹ ፊደል ሳይለዩ ሥዕል ምን ያደርግላቸዋል?" የሚል ባልደረባ አለኝ፤ አከብረዋለሁ፤ ክርክሩም ተራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በተለያዩ የአገራችን ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታይቷል። ዓለም ባንክም በኋላ ባወጣው ግምት ከአሥር ኢትዮጵያውያን ልጆች ዘጠኙ አንደኛ ደረጃን በሚጨርሱበት ዕድሜ ቀላል ጽሑፍ አንብበው እንደማይረዱ አስቀምጧል። እንዲህ ባለ ጊዜ ፊደል ገበታውን የሚያቃልል መምህር እኔ ጠላቱ ነኝ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ ለይቶ ለመያዝ ልፋት ይጠይቃል፣ መደጋገም ይጠይቃል፣ መምህሩን ያደክማል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ልጁ ይህን ሁሉ ለምን ብሎ ይልፋ? የሚቀጥለው ገጽ ላይ ምን እንዳለ ለማወቅ የጓጓ ልጅ ለፊደሉ ምክንያት አለው። ያልጓጓው "ሀ ሁ ሂ"ን እንደ ዜማ በቃሉ ይወጣዋል፤ ከመሀል "ሂ" የቷ ናት ስትሉት ከመጀመሪያው ጀምሮ ካልዘመረ አያገኛትም። ይህን ያላየ የአንደኛ ክፍል መምህር የለም።

የመጽሐፍ እጥረት የሚለው ሰበብም ከቀድሞው ያነሰ ክብደት አለው። መነሻውን ደቡብ አፍሪካ ያደረገው አፍሪካን ስቶሪቡክ፣ እንዲሁም ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ የሚባለው የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት የልጆች የሥዕል ታሪኮችን በነጻ ያቀርባሉ። ከብዙ ቋንቋዎች መካከል አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ ይገኙባቸዋል። የደራሲውንና የሠዓሊውን ስም እስከጠቀሱ ድረስ አብዛኞቹን ማተም፣ መተርጎምና ማባዛት የተፈቀደ ነው። ጥራታቸው ወጣ ገባ ነው፤ አንዳንዱ ትርጉም ያስተዛዝባል። መርጦ የሚያርም አንድ የመምህራን ቡድን ቢቋቋም ግን ቢሮው ለሚቀጥለው ዓመት የሚበቃ መጽሐፍ ያለ ጨረታ በእጁ አለ። ባለ ቀለም ማተም ከተወደደ በጥቁርና ነጭ ይታተም፤ ልጆቹ ራሳቸው ይቀቡታል። የተቀባ መጽሐፍ ደግሞ የሚቀባውን ልጅ ስም ይዞ ይኖራል።

ልጆቹም ይሥሩ። አንድ ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ በእኩል ታጥፎ ሲዘረጋ ስምንት ሳጥን ይወጣዋል። በመሀለኛው ረጅም እጥፋት ላይ ግራና ቀኙን አንድ አንድ ሳጥን አስቀርቶ የመካከለኞቹን ሁለት ሳጥኖች ርዝመት ብቻ መቅደድ፤ ከዚያ በቁመቱ አጥፎ ከሁለቱ ጫፍ ወደ መሀል መግፋት። ያለ ስፌትና ያለ ስቴፕለር ስምንት ገጽ ያላት መጽሐፍ ትሆናለች። የሚሣልበት የወረቀቱ አንድ ገጽታ ብቻ ስለሆነ ጀርባው ያገለገለ የፈተና ወረቀትም ይሠራል፤ በየትምህርት ቤታችን ደግሞ ያገለገለ የፈተና ወረቀት ሞልቶ የተረፈ ነው። አንደኛ ክፍል ስታደርጉት መቅደዱ ላይ ግማሹ ይበላሻል፤ የሁለተኛ ክፍል ልጆች መጥተው ያግዟቸው። ከሽፋኑ ላይ "ደራሲ" ብሎ የገዛ ስሙን የጻፈ ልጅ ስሙን የሚጽፍበት እጅ እንኳ ይለወጣል፤ ፊደሉ ይተልቃል።

ከዚያ ከፍ ሲል የከተማው መጻሕፍት አሉ፤ ገና ያልተጻፉት። በ1895 ዓ.ም. ባቡር እዚህ ደርሶ በአሸዋ ሜዳ ላይ ከተማ ስላበቀለበት ዘመን የሰባት ዓመት ልጅ ሊገልጠው የሚችል የሥዕል መጽሐፍ እጄ ገብቶ አያውቅም። የከዚራ የዛፍ ጥላ፣ የቀፊራ ቅስቶች፣ የደቻቱ አሸዋ፣ ከሐረር በር የሚነሡ አሮጌ ፔጆዎች፣ ይህ ሁሉ ሠዓሊ ይጠብቃል። ሠዓሊውም ሩቅ አይደለም። የሱቅ ማስታወቂያና የባጃጅ ጀርባ የሚሥሉት ወጣቶች እጅ ከብዙ የታተሙ መጻሕፍት ሠዓሊዎች እጅ አያንስም። አረጋውያኑ ተረት ይንገሩ፣ ወጣቶቹ ይሣሉ፣ መምህራን በሦስቱ ቋንቋ ይጻፉት። አደራ ግን፣ ኮሚቴ እንዳይበዛበት።

ሱፐርቪዥንን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሱፐርቫይዘር ወደ ክፍል ሲገባ የሚይዘው ቅጽ የክፍል አያያዝ፣ የዕለት ዕቅድ፣ የትምህርት መርጃ መሣሪያ እያለ ይወርዳል። ጸጥ ያለ ክፍል ጥሩ ነጥብ ያገኛል። በዚያ ቅጽ ላይ አንዲት ረድፍ ትጨመር፦ በክፍለ ጊዜው ውስጥ ስንት ልጆች ሙሉ ዐረፍተ ነገር ለብቻቸው ተናገሩ? መምህር የሚለካበትን ያውቃል፤ በዚያው ልክ ይሠራል። እኔም እንደዚያው ነኝ።

በአገራችን ይህን ነገር ከእኛ ቀድመው የጀመሩ አሉ። በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ወደ አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍተዋል። በኋላም ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ተጭኖ ልጆች ወዳሉበት እንዲሄድ አድርገዋል። የእኛ መጻሕፍት የሚጠበቅባቸው መንገድ ከዚህ እጅግ ያጠረ ነው፤ ከካቢኔት እስከ ዴስክ።

የንብረት ምደባ የቢሮው ሥልጣን ብቻ እንዳልሆነና ከፋይናንስ ጋር መነጋገር እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ስለዚህም ነው ደብዳቤዬን አሁን፣ የሰኔ 30 ቆጠራ ሳይደርስ የጻፍኩት። ሥራ እንዳይበዛባችሁ ሰርኩላሩን ረቂቅ አድርጌ አያይዤዋለሁ፤ ቋንቋውን እንደ ቢሮው ወግ አስተካክሉት፦

"ለሁሉም የቅድመ አንደኛና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች። ከቅድመ አንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ለሚያገለግሉ የልጆች የሥዕልና የተረት መጻሕፍት ከዚህ ደብዳቤ ቀን ጀምሮ የአላቂ ዕቃ አሠራር ተፈጻሚ ይሆናል። መጻሕፍቱ በንብረት ክፍል ወይም በተቆለፈ ካቢኔት አይቀመጡም፤ በየክፍሉ በሚዘጋጅ የንባብ ማዕዘን ልጆች በእጃቸው በሚደርሱበት ከፍታ ይቀመጣሉ። በአጠቃቀም ምክንያት ለተቀደደ፣ ለተበላሸ ወይም ከልጅ ቤት ሳይመለስ ለቀረ መጽሐፍ መምህርም ሆነ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በገንዘብ አይጠየቅም። ርዕሰ መምህሩ በየመንፈቀ ዓመቱ ምን ያህሉ አገልግሎ እንዳለቀና ምን ያህል መተካት እንዳለበት ለቢሮው ያሳውቃል። ገቢ ከሆነ አንድ ዓመት አልፎት አዲስ እንደሆነ የተገኘ መጽሐፍ ካለ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጻል። ግልባጭ ለንብረት አስተዳደርና ለውስጥ ኦዲት።"

ከሰላምታ ጋር

አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት
ድሬዳዋ